ብዕር የምናስይዘው ትንሽ እጅ አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ በብዕር ላስተማረውና ለሰው ልጅ ያላወቀውን ላሳወቀው ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓባዎቻቸው ላይ ይውረድ።



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ መስጊድ፣ ስለ ሐጅ ጉዞ፣ ስለ ሙስሊሙ መብትና አንድነት ይጻፋል። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከነዚህ ጎን ሲቆም ትንሽ ይመስላል። ጉዳዩ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆቻችን የእርሳስ አያያዝና የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ታላላቆቻችን ቁም ጽሕፈት የሚሉት ማለቴ ነው። ትንሽ ይምሰል እንጂ ትንሽ አይደለም። አንድ ልጅ ትምህርትን የሚወደው ወይም የሚሸሸው፣ መድረሳ ሲባል ፊቱ የሚበራው ወይም «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚደበቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህችው በእርሳስና በደብተር ምክንያት ነውና።

ብዕር በዲናችን ያለው ቦታ

ሁላችንም እንደምናውቀው በሒራእ ዋሻ የወረደው የመጀመሪያው ወሕይ ስለ ማንበብና ስለ ብዕር የሚናገር ነው። አላህ (ሱ.ወ) በአንዲት ሱራ መክፈቻ ላይ በብዕር ምሏል፤ ሱራዋም በብዕር ስም አል-ቀለም ተብላ ትጠራለች። በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው የብድር አንቀጽ ሲሆን፣ በእርሱም ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ አላህ እንዳስተማረው ሁሉ ለመጻፍ እንቢ እንዳይል ታዟል። ልብ በሉ! መጻፍ መቻል ከአላህ የተሰጠ ነገር መሆኑ በአንቀጹ ውስጥ ተነግሯል። እንግዲያውስ ይህን ስጦታ ለልጅ የሚያደርሰው መምህር የሚሸከመው ምን ዓይነት አማና ነው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የማይጽፉ ኡሚይ ነበሩ። ሆኖም የመጀመሪያዋን የሙስሊም ከተማ ልጆች ብዕር ለማስያዝ ያደረጉትን እንመልከት። በሒጅራ ሁለተኛው ዓመት፣ ማለትም በ624 እ.ኤ.አ ከተደረገው የበድር ዘመቻ በኋላ ከተማረኩት ሰዎች መካከል የቤዛ ገንዘብ የሌላቸው ነገር ግን መጻፍ የሚችሉ ነበሩ። እነዚህ ምርኮኞች እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት ካስተማሩ ነፃ እንዲወጡ ተደረገ። ያ ጊዜ ሙስሊሙ ለስንቅም ለጦር መሣሪያም ገንዘብ አጥብቆ የሚፈልግበት ነበር። ገንዘቡ ቀረና በምትኩ የልጆች እጅ ፊደል ለመደ። አስተማሪዎቹ የትናንት ጠላቶች መሆናቸውም ትምህርቱን አላስቀረውም።

በዚያ መንገድ ጽሕፈት ከተማሩት ልጆች አንዱ ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) እንደነበሩ ይዘገባል። ዘይድ አድገው የወሕይ ጸሐፊ ሆኑ። በአቡበከር (ረ.ዐ) ዘመን ቁርአንን እንዲሰበስቡ፣ በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ደግሞ ሙስሐፎቹን ከሚገለብጡት ጸሐፊዎች ጋር እንዲሠሩ የታዘዙት እርሳቸው ናቸው። በዚያን ቀን የዚያን ታዳጊ እጅ ይዞ ፊደል ያስጣለው ሰው ያ እጅ ወደፊት ምን እንደሚጽፍ ያውቅ ነበርን? አያውቅም። እኛም ዛሬ በመድረሳው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አሊፍ ያጣመመብን ልጅ ነገ ምን እንደሚጽፍ አናውቅም።

ለሴት ልጆችም እንዲሁ ነው። ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ (ረ.ዐ) የተባለችው ሰሓቢያ የምእመናን እናት የሆነችውን ሐፍሷን (ረ.ዐ) ጽሕፈት ማስተማሯን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። «ለሴት ልጅ ማንበብ ይበቃታል» የሚለው አነጋገር ከባህል እንጂ ከሱና አልመጣም።

በአገራችንም ቢሆን ይህ ቅርስ ባዕድ አይደለም። የሐረር ጸሐፍት በእጃቸው የገለበጧቸው ሙስሐፎች ዛሬም በከተማይቱ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። የአርጎባው ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀሚ፣ እየጻፉ ሕዝባቸውን አስተምረዋል። የወሎ ደረሳ ከጥላሸትና ከሙጫ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ፣ ለውሑ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ያንን አጥቦ ደግሞ ሌላ ይጽፋል። የነዚያ ሰዎች ሀብት መሬት ወይም ገንዘብ አልነበረም፤ የሰለጠነ እጃቸው ነበር።

«በስልክ ዘመን ጽሕፈት ምን ያደርጋል?»

ይህን የሚሉ ወላጆች አጋጥመውኛል። ልጁ ገና በአራት ዓመቱ በእናቱ ስልክ ላይ ጣቱን ያንሸራትታል፣ ሲያድግም በኮምፒውተር ይጽፋል፣ ታዲያ በእርሳስ ለምን ይደክማል ይላሉ።

መልሱን ከሠለጠኑት አገሮች ዘንድ እንኳ ማግኘት ይቻላል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች 36 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ራስ ላይ የአንጎል እንቅስቃሴ መለኪያ አድርገው ያገኙትን ውጤት በ2024 እ.ኤ.አ አሳትመዋል። ተማሪዎቹ በእጃቸው ሲጽፉ የአንጎላቸው ክፍሎች እርስ በርስ የሚያደርጉት ግንኙነት በቁልፍ ሰሌዳ ከሚጽፉበት ጊዜ ይልቅ በእጅጉ የሰፋ ሆኖ ተገኝቷል። የኮምፒውተሩ ቴክኖሎጂ መናኸሪያ የሆነችው የካሊፎርኒያ ግዛት ራሷ በ2023 እ.ኤ.አ ባወጣችው ሕግ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ተያያዥ የእጅ ጽሕፈት እንዲማሩ ደንግጋለች። ኮምፒውተሩን የሠሩት ሰዎች ልጆቻቸውን ወደ እርሳስ ሲመልሱ እኛ እርሳሱን የምንጥልበት ምክንያት ምንድን ነው?

በአንድ ቀን ሁለት አቅጣጫ

የኛ የከተማ ሙስሊሞች ልጆች ሌሎች ልጆች የሌለባቸውን ሸክም ተሸክመዋል። ልጁ ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳል። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ከግራ ወደ ቀኝ ይጽፋል። ከዐስር ሰላት በኋላ ወይም ቅዳሜና እሑድ መድረሳ ይገባል። እዚያ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ጻፍ ይባላል። ደብተሩም የሚከፈተው በተቃራኒው በኩል ነው።

ፊደሎቹን እንቁጠራቸው። የአማርኛው ገበታ 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አይያያዝም። እንግሊዝኛው 26 ቢሆንም ትልቅና ትንሽ እየተባለ እጥፍ ይሆናል። የዐረብኛው 28 ፊደላት ደግሞ በቃል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ መልካቸውን ይለዋውጣሉ፤ አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይና ዋው የተባሉት ስድስቱ ከፊታቸው ካለው ፊደል ጋር ይያያዛሉ እንጂ ከሚከተላቸው ጋር አይያያዙም። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ገና ጥርሱን እየለወጠ ያለ ልጅ ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ አንድ ቀን አንዱን ፊደል ገልብጦ ቢጽፍ ምን ይባላል? በትምህርት ቤቱ «ሰነፍ»፣ በመድረሳው «ደንቆሮ» ይባላል። የትምህርት ቤቷ መምህርት ልጁ ከሰዓት በኋላ በተቃራኒው እንደሚጽፍ አታውቅም። ኡስታዙም ጠዋት የጻፈውን ደብተር አይቶ አያውቅም። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ልጁ ብቻ ነው። ፊደል መገልበጥ በየትኛውም አገር በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚያደርጉት ነገር ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ በልምምድ የሚተው ነው። ለኛ ልጆች ደግሞ ሁለት አቅጣጫ ተጨምሮባቸዋል። ይህን ችለው የሚወጡት ልጆች ሊመሰገኑ ሲገባቸው ይሰደባሉ።

«አላህ ግራ እጅን አይወድም?»

ከሁሉም የሚከብደው ጉዳይ ይህ ነው። በሥራዬ ምክንያት ያገኘኋቸው አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጃቸውን ነገር አጫወቱኝ። ልጁ ግራኝ ነው። በትምህርት ቤት በግራው ይጽፋል፣ ማንም አይናገረውም። ወደ ሰፈራቸው መድረሳ ሲገባ ግን ብዕሩን በግራው በያዘ ቁጥር ጣቶቹ ላይ አርጩሜ ያርፍበት ጀመር። ሳምንታት ሲያልፉ የዐስር አዛን ሲሰማ ሆዱን ያመው ያዘ። እናቱ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፣ በሽታ አልተገኘበትም። አንድ ምሽት ጎናቸው ተኝቶ «እማዬ፣ አላህ ግራ እጅን አይወድም አይደል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ወንድሜ፣ እኔ መልሱን አጣሁት» አሉኝ። «ልጄ ስለ ራሱ እጅ እንዲህ እንዲያስብ አልነበረም ቁርአን እንዲቀራ የላክሁት።»

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ቁርአን ያስቀሩ አንድ አዛውንት ሸኽ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በግራ አትብሉ፣ በግራ አትጠጡ ብለዋል። ስለዚህ መብላቱንና መጠጣቱን በቀኙ አስለምደው፤ እሱም በፍቅር ይሁን። በቀኙ መጻፍ የሚቀለው ልጅ ከሆነም በቀኙ ይጻፍ፤ ቀኝ ክብር አለው። ግን አላህ ብዕሩን በግራ እጁ ላይ ካገራለት አንተ ምን ቤት ነህ? የመብሉን ሐዲስ ወስደህ ብዕር ላይ አትጫነው።»

እውነት ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳወሩት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዉዱአቸው፣ ፀጉራቸውን በማበጠርና ጫማቸውን በማድረግ ከቀኝ መጀመር ይወዱ ነበር። የግራ እጅ መብልና መጠጥ ክልከላም በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ይሁን እንጂ ያ ሐዲስ ስለ ማዕድ ነው። በሌላ በኩል ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በሁለቱም እጆቻቸው የሚሠሩ እንደነበሩ በታሪክ መጻሕፍት ተዘግቧል፤ ይህም እንደ ነውር ሳይሆን እንደ መልካቸው መግለጫ የተነገረ ነው።

የኛ አገር ሙስሊም ደግሞ ይህን ቃል ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1543 እ.ኤ.አ የተሰዉት ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በታሪክ የሚጠሩበት «ግራኝ» የሚለው ስም የተሰጣቸው በግራ እጃቸው ስለሚሠሩ ነው። ቃሉን ለስድብ ሲጠቀሙበት የኖሩ ሰዎች ሲናገሩት ቅር ይለናል። ታዲያ በገዛ መድረሳችን ውስጥ በገዛ ልጃችን ላይ መልሰን ለስድብ ስንጠቀምበት እንዴት ቅር አይለንም?

አንድ የሚያስገርም ነገርም ልጨምር። ግራኝ ልጅ አማርኛና እንግሊዝኛ ሲጽፍ እጁ የጻፈውን እየተከተለ ቀለሙን ያበላሽበታል፣ የጻፈውንም ይሸፍንበታል። ዐረብኛ ሲጽፍ ግን እጁ ከጻፈው ፊደል እየራቀ ወደ ግራ ስለሚሄድ መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ለዚህ ልጅ እንደ ቁርአን ጽሕፈት የሚመቸው የለም ማለት ነው። እጁን የምንገርፈው ግን ሊቀናው በሚችልበት በዚሁ ቦታ ነው! በዚህ ዱላ ምክንያት መድረሳውን ትቶ ቢቀር ተጠያቂው ማን ነው?

ዱላው ምን ያተርፋል?

«እኛስ በዱላ ተምረን ሰው ሆነን የለ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። አዎ፣ ዱላውን ችለው የቀሩት ሰው ሆነዋል። ዱላውን ሸሽተው ቁርአኑንም ጽሕፈቱንም ጥለው የሄዱትን ግን ማን ቆጠራቸው? እነሱ እኮ ዛሬ ከኛ ጋር ተቀምጠው አይመሰክሩም።

ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም (ረ.ዐ) የተባሉት ሰሓባ አዲስ ሰላሚ በነበሩ ጊዜ ሰላት ውስጥ ተናገሩ። ሰዎች በዓይናቸው አፈጠጡባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሰላቱ ሲያበቃ አልተቆጧቸውም፣ አልመቷቸውም፣ አልሰደቧቸውም፤ ሰላት የሰዎች ንግግር የማይገባበት መሆኑን ብቻ አስረዷቸው። ሙዓዊያም ከእርሳቸው የተሻለ አስተማሪ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዳላዩ መስክረዋል። ይህ በሰሒሕ ሙስሊም ያለ ነው። ስሕተቱ የተፈጸመው በሰላት ውስጥ ሆኖ እንዲህ ከታለፈ፣ ጂም ላይ ነጥብ የረሳ ልጅ ምን ያህል ሊታገሡት ይገባል?

ኢብን ኸልዱንም በ1377 እ.ኤ.አ በጻፉት ሙቀዲማቸው በተማሪዎች፣ በተለይም በሕፃናት ላይ መጨከን የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ምዕራፍ አስፍረዋል። በኃይል ያደገ ልጅ መንፈሱ እንደሚጠብ፣ ቅጣትን ፈርቶ መዋሸትና ማታለል እንደሚለምድ ጽፈዋል። ዛሬ «ሆዴን አመመኝ» የሚለው ልጅ ይህንኑ ያስታውሰናል።

ይህን ስል ኡስታዞቻችንን ለመውቀስ አይደለም። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በርካታ ልጆች ይዘው፣ ቤት ኪራይ በማይሸፍን ደሞዝ፣ አንድም ቀን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ሳያገኙ የአላህን ኪታብ ያስቀራሉ። ውለታቸው ከባድ ነው። ዱላውን ያነሳው ኡስታዙ ብቻ ሳይሆን፣ ለልጁ ጫማ ሳንሰስት ለኡስታዙ ደሞዝ የምንሰስተው ሁላችንም ነን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፡- ከፊደሉ በፊት እጁን እናስተካክል። ልጁ ብዕሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ በመካከለኛው ጣቱ ላይ ያሳርፈው፤ ሲይዘውም ጨምቆ አይሁን። የሚጽፍበት ነገር ከጉልበቱ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ጽሕፈቱ አይቀናም። ምንጣፍ ላይ ለሚቀመጡ ልጆች አጭር ጠረጴዛ ማሠራት ለአንድ መስጊድ ኮሚቴ የሚከብድ ወጪ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፡- ጥቂት ጥቂት እናስተምር። ለትንሽ ልጅ አንድን ፊደል መቶ ጊዜ መጻፍ ቅጣት ነው። እያስተዋለ ደህና አድርጎ የጻፋቸው አንድ ሁለት መስመሮች ይበልጣሉ። አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ጽፎ ይነሳ።

ሦስተኛ፡- ፊደሎቹን በዘመዶቻቸው እናስተዋውቅ። ባ፣ ታና ሣ አካላቸው አንድ ነው፣ ነጥባቸው ብቻ ይለያያል። አማርኛውም ከዚህ አይርቅም፤ ሰ ሸ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ደ ጀ የሚሆኑት በራሳቸው ላይ በምትጨመር ምልክት ነው። ጠዋት በትምህርት ቤት ያወቀውን ዘዴ ከሰዓት በኋላ በመድረሳ ሲያገኘው ልጁ ሁለቱ ትምህርቶች ጠላቶች አለመሆናቸውን ይረዳል።

አራተኛ፡- ከዱላ ይልቅ ልኬት እንስጠው። በ940 እ.ኤ.አ ያለፉት የባግዳዱ ኢብን ሙቅላ የዐረብኛን ጽሕፈት ሥርዓት ያስያዙት ብዕሩ በምትጥለው ነጥብ ፊደሎችን በመለካት ነው። የአሊፍ ቁመት በነጥብ ይለካል፤ የሌላው ፊደል ጎን ከአሊፍ ጋር ይመዛዘናል። ልኬት የተሰጠው ልጅ ስሕተቱን ራሱ ያየዋል፣ ራሱም ያርመዋል። ዱላ የተሰጠው ልጅ ግን የሚያየው የመምህሩን እጅ ነው።

አምስተኛ፡- ግራኙን ልጅ እናስመቸው። በረድፉ ግራ ጫፍ ላይ ቢቀመጥ ክርኑ ከጎረቤቱ ጋር አይጋጭም። ወረቀቱንም ለእጁ እንደሚመቸው አዘንብሎ ይያዝ። ማዕድ ላይ ቀኝ እጁን በፍቅር እናስለምደው፤ ብዕሩን ግን እንተውለት። ጓደኞቹ ሲያሾፉበትም ኡስታዙ ዝም አይበል።

ስድስተኛ፡- ወላጆች የሁለቱንም ደብተሮች እንመልከት። የእንግሊዝኛውን ደብተር ብቻ እያየን የመድረሳውን ከረሳነው ልጁ የትኛው ትምህርት ዋጋ እንዳለው ከኛ ይማራል። ኡስታዙንና የክፍል መምህሩን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ስለ ልጃችን ጽሕፈት እናነጋግራቸው። ፊደል መገልበጡ ዓመታት አልፎም ካልተወው፣ ዓይኑንና ጆሮውን እናስመርምር፤ ከስድብ በፊት ሐኪም ይቅደም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ከማይቋረጡት ሦስት ነገሮች አንዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። አንድን ልጅ አሊፍ ያስጻፈ ሰው ያ ልጅ ዕድሜ ልኩን በሚጽፈው መልካም ነገር ሁሉ ድርሻ እንዲኖረው ይከጀላል። በሱረቱ ያሲን እንደተነገረን ደግሞ አፎች በሚታተሙበት በዚያ ቀን እጆች ይናገራሉ። ስለዚያች አንቀጽ ስናስብ ሁልጊዜ በገዛ እጃችን የሠራነውን እንፈራለን፤ መፍራትም ይገባናል። ነገር ግን ትናንሽ እጆችም አሉ፤ እነርሱም ምን እንደተደረገባቸው አላህ ያውቃል።

ለዚያች እናት የምሰጠው መልስ ይህ ነው፡- ለልጅዎ ይንገሩት፣ ቀኙንም ግራውንም የፈጠረው አንድ አላህ ነው። ሁለቱንም አስተካክሎ ፈጥሯል። ብዕሩን ይያዝ፣ ቢስሚላህ ብሎ ይጻፍ።

አላህ (ሱ.ወ) የልጆቻችንን እጆች ለኸይር ያግራቸው፣ ኡስታዞቻችንን በትዕግሥትና በሪዝቅ ይርዳቸው፣ እኛንም አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።